ምክትሉስ ማን ነበር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ከረዘመባችሁ ይቅርታ። የምትቆርጡት ካለ ቁረጡ፤ ስለ መሬቱ የጻፍኩትን ግን እባካችሁ አትንኩብኝ።

ያስጻፈኝ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ አብርሃም ሊንከን ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛዬ ጠረጴዛዬ ላይ አግኝቶት ቆሞ ጨረሰው። ሊንከን ዋሽንግተን ውስጥ ፎርድ በሚባለው ቲያትር ቤት ተቀምጦ ሳለ እንዴት እንደተተኮሰበት፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ጠዋት እንዴት እንዳረፈ አንድ በአንድ ጽፋችኋል። ከዚያ «ምክትሉ ተተካ» ብላችሁ ዘጋችሁት። ምክትልነት ያው ለስም ያህል ነው የሚል ነገርም ጣል አድርጋችኋል። እዚህ ላይ ከፋኝ። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው እናንተ ካቆማችሁበት ነው።

የአሜሪካውን ቀንና ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን በእኛ።

ልብስ ሰፊ ይህን ከየት አመጣው ትሉ ይሆናል። ልጄ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች። ከፔዳ ግቢ ስትወጣ በባጃጅ ወደ ሱቄ ትመጣለች። ካውያው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ትልና ታነባለች። እንግሊዝኛውን ለራሷ፣ አማርኛውን ለእኔ። እኔ እሰፋለሁ። ዓይኔ ከመርፌው አይነሳም፤ ጆሮዬ ግን የእሷ ነው። አንድ ቀን ታዲያ «አባዬ፣ ይሄ ሊንከንን የተካው ሰውዬ እኮ ልብስ ሰፊ ነበር» አለችኝ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ።

አንድሩ ጆንሰን የተወለደው በ1808 ነው፤ ሰሜን ካሮላይና፣ ራሌ ከተማ። አባቱ ሲሞት ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች፣ እየሸመነች አሳደገችው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። በልጅነቱ ለአንድ ልብስ ሰፊ በውል ተሰጠ፤ ሙያውን እየተማረ ለጌታው ሊሰፋ። እዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። የከተማው ሰዎች እየመጡ ለሚሰፉት መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር። ልጁ የንባብ ፍቅር የያዘው እንደዚያ እየሰማ ነው። ልጄ ይህን ስታነብልኝ ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ምንም አላልንም።

በ1824 ከጌታው ኮበለለ። ጌታው ያመጣልኝ ሰው 10 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣበት። ልጁ ግን ቴነሲ ገብቶ ግሪንቪል በምትባል ከተማ የራሱን ሱቅ ከፈተ። መጻፍና ሒሳብ ያስተማረችው ሚስቱ ኤላይዛ ናት። ሱቁ የክርክር ቦታ ሆነ። ሰው ልብስ ሊያሰፋ ይመጣል፤ ስለ አገር ሲከራከር ይውላል። ከዚያ የከተማ ምክር ቤት፣ ከዚያ ከንቲባ፣ ከዚያ ኮንግረስ፣ ከዚያ የቴነሲ አገረ ገዥ። አገረ ገዥ ሆኖ ሳለ ለኬንታኪው አገረ ገዥ በገዛ እጁ ሱፍ ሰፍቶ ላከለት። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ያን ቀን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሳወራ ዋልኩ።

ደፋርም ነበር። በ1861 የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ላለመልቀቅ ከአሜሪካ ሲገነጠሉና ጦርነት ሲነሳ፣ ከተገነጠሉት ግዛቶች ሴናተሮች መካከል ወንበሩን ሳይለቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የራሱ አገር ሰዎች ሊገድሉት ይፈልጉት ነበር። በ1864 ደግሞ ናሽቪል ላይ ለተሰበሰቡ ጥቁሮች፣ ከእኔ የተሻለ ካልተገኘ እኔ ሙሴያችሁ እሆናለሁ አላቸው። ሙሴ! ልጄን «ድገሚልኝ» አልኳት።

ልወደው ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ ሌላኛው ሰው ልውሰዳችሁ። እናንተ ስሙን እንኳ አላነሳችሁትም። ሊንከን በ1861 ሥልጣን ሲይዝ ምክትሉ ጆንሰን አልነበረም። ሃኒባል ሃምሊን የሚባል የሜይን ሰው ነበር። ሜይን ሰሜን ጫፍ ያለች ብርዳም አገር ናት። ሃምሊን ባርነትን ከልቡ የሚጠላ ሰው ነው። ባርነትን በመቃወም ከቆየበት ፓርቲ ወጣ። ጥቁሮች ነፃ ይውጡ፣ መሣሪያም ይታጠቁ እያለ ሊንከንን ይወተውት ነበር። ከልጆቹ አንዱ የጥቁር ወታደሮች አዛዥ ሆነ። ራሱ ሃምሊን በ1864 ክረምት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ፣ ከአገሩ የሚሊሺያ ጦር ጋር ተራ ወታደር ሆኖ ምሽግ ገባ። ዘብ ቆመ፤ ወጥ ቤትም ሠራ። ተራዬ ደርሷል ብሎ ነው እንጂ ማንም አላስገደደውም።

ታዲያ ይህ ሰው ለምን ተነሳ? ሥራው ተጠልቶ አይደለም። በ1864 ሰኔ ወር ፓርቲው ባልቲሞር ተሰበሰበ። ምርጫው አስፈሪ ነበር፤ ጦርነቱ አላለቀም፣ ሰዉ ተሰላችቷል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ሜይን ምንም ሆነ ምን ሊንከንን ይመርጣል። ስለዚህ ሃምሊን የሚጨምረው ድምፅ የለም። ከደቡብ የመጣ፣ ከተቃዋሚው ፓርቲ የሆነ ሰው ቢገባ ግን ያመጣል። በመጀመሪያው ቆጠራ ጆንሰን 200፣ ሃምሊን 150 አገኙ። ቀሪውን ሌሎች ተካፈሉት። ከዚያ ሰዉ ወደሚያሸንፈው ጎረፈ፤ መጨረሻ ላይ ጆንሰን 494 ደረሰ። በመጀመሪያው ቆጠራ ልዩነቱ 50 ድምፅ ነበር። 50!

ሱፍ ኮት ሲሰፋ ደንበኛው የሚያየው ላዩን ነው። ጨርቁን ይዳስሳል፣ ቁልፉን ይመርጣል። ስለ ገበሩ የሚጠይቀኝ ከስንት አንድ ነው። እኔ ግን የምጨነቀው ለገበሩ ነው። መጥፎ ገበር ያለው ኮት አንድ ክረምት አይዘልቅም፤ ትከሻው ይወድቃል። ባልቲሞር የተሰበሰቡት ሰዎች ገበሩን የመረጡት ለቀለሙ ብለው ነው።

ይህን ስል ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የእኛ ዕድር ከላይኛው ሰፈር ዕድር ጋር የተቀላቀለው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሰብሳቢው ከእኛ ወገን ሆኑ። የላይኞቹ እንዳያጉረመርሙ ምክትሉ ከእነሱ ይሁን ተባለ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። እጅ አውጡ ሲባል አወጣሁ። ሰውዬው ምን ያስባል፣ ምን ይወዳል፣ ምን ይጠላል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከላይኛው ሰፈር መሆኑ በቃን። ቃለ ጉባዔውን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አንድ መስመር ተኩል ነው።

ስለ ዕድሩ እመለስበታለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 1865 ጆንሰን ቃለ መሐላ ሊፈጽም መጣ። ታሞ ነበር የሰነበተው። ተሰናባቹ ሃምሊን ቢሮ ገብቶ ውስኪ ጠጣ። ደገመ። ከዚያ ሴኔቱ ፊት ቆሞ የሰከረ ሰው ንግግር ተናገረ። እሱን እንኳ እተወዋለሁ፤ የታመመ ሰው ነው። ያልተውኩት ሌላ ነገር አለ። ፍሬድሪክ ዳግላስ የሚባለው ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ሰው ያን ቀን ሕዝቡ መሐል ነበር። ሊንከን ወደ እሱ እያመለከተ ለጆንሰን ሲያሳየው፣ ጆንሰን ፊቱ ላይ ቀድሞ የታየው ንቀት ነበር ብሎ ዳግላስ ከዓመታት በኋላ ጽፏል። ወዲያው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ግን ዘግይቷል። ስንት ደንበኛ መስታወቴ ፊት ቆሞ አይቻለሁ። ሰው ሲለካ ፊቱ አይዋሽም።

ከዚያች ዕለት አንሥቶ ሊንከን እስከሞተባት ጠዋት 42 ቀን ነው። ስድስት ሳምንት። እንግዲህ አስቡት፦ ሃምሊን ወንበሩን በለቀቀ በስድስት ሳምንቱ ወንበሩ የፕሬዚዳንት ወንበር ሆነ። የሃምሊን ሁለት ልጆች፣ ቻርልስና ሣራ፣ ያን ማታ ቲያትር ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ተኩሱን ሰሙ። አባታቸው በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ተራ ሰው ሆኗል።

ሌላም አለ። ገዳዮቹ ሊንከንን ብቻ አልነበረም ያሰቡት። አትዘሮት የሚባል ሰው ጆንሰንን እንዲገድል ተልኮ ነበር። ጆንሰን ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሄዶ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጠጣ። ልቡ ከዳውና ወጣ። ባይከዳው ኖሮ የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ላፋየት ፎስተር የሚባል የኮኔቲከት ሰው ነበር ተጠባባቂ የሚሆነው። አንድ ፈሪ ሰካራም ስንት ነገር ወሰነ!

አሁን መሬቱ።

ጥር 16 ቀን 1865 የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን ትእዛዝ አወጣ። ከቻርልስተን እስከ ፍሎሪዳ ባሉት ደሴቶችና ዳርቻዎች ባለቤቶቹ ጥለውት የሸሹት መሬት ነፃ ለወጡት ጥቁሮች ይሰጥ አለ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር፤ ወደ 16 ሄክታር ማለት ነው። ወደ 40,000 ሰው ሰፈረ። ትናንት በጅራፍ ያረሱትን መሬት ዛሬ የራሳቸው ብለው አረሱት። መሬት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ልጄ ቁጥሩን ስታነብ እኔ የሰው እግር ነበር የማየው። ጭቃ የረገጠ፣ የራሱን ድንበር በእርምጃ የሚለካ እግር።

ጆንሰን ሥልጣን በያዘ በስድስት ሳምንት ገደማ ለዓመፀኞቹ ደቡቦች ምሕረት ማወጅ ጀመረ። ምሕረቱ ንብረትንም ይመልሳል። መሬቱ ለቀድሞ ጌቶች ይመለስ ተባለ። ይህን ለሰዎቹ እንዲነግር የተላከው ጄኔራል ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ ቀኝ እጁን በጦርነቱ ያጣ፣ እምነት የነበረው፣ ለእነሱም የሚያዝን ሰው ነው። በጥቅምት ወር ኤዲስቶ ደሴት ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰበሰባቸው። ባዶ እጅጌው ተንጠልጥሎ ፊታቸው ቆመ። ሊነግራቸው ሲሞክር ሁካታ ሆነ፤ አንዲት ሴት የሐዘን መዝሙር አነሳች፤ ሁሉም ተቀበሏት። ከዚያ ተወካዮቻቸው ተቀምጠው ለጆንሰን አቤቱታ ጻፉ። ትናንት ባሪያ የነበሩ ሰዎች፣ በራሳቸው ፊደል፣ ለዚያ ማንበብና መጻፍ በመከራ ለተማረው ልብስ ሰፊ። መሬቱ አልተመለሰላቸውም።

እዚህ ላይ ልጄ ማንበብ አቆመች። እኔም መስፋት።

የዕድራችን ሰብሳቢ በ2011 መጨረሻ ላይ ታመው አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማርልን። በሕይወት ሳሉ የዕድሩ ግቢ ውስጥ በአጥሩ በኩል ያለችውን ጥግ ለተቸገሩ ሴቶች ሰጥተው ነበር። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ ኪራይ የለም። በደንባችን የተጻፈ ነገር አልነበረም። የእሳቸው ልብ ነው። ምክትሉ ተተኩ። በሦስተኛው ወር ጥጉ ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራየ፤ ሴቶቹ ይውጡ ተባለ። ሰውዬው ሌባ አይደሉም። አምስት ሳንቲም አልነኩም፤ ሒሳቡን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ዕድር ለመቅበር ነው እንጂ ለመጋገር አይደለም ብለው ያምናሉ። ይህንን ግን በ2008 ብንጠይቃቸው ይነግሩን ነበር። አልጠየቅናቸውም እንጂ አልደበቁንም።

አንዷ ሴት ምጣዷን በጆንያ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ በሱቄ ፊት አለፈች። ምጣዱ እንዳይሰበር ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው። ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሊጥ ደርቋል። «እንዴት ዋሉ» አለችኝ። አላቄመችብኝም። እጄን ያወጣሁት እኔ መሆኔን አታውቅም።

ዋሽንግተንም እንደዚያው ቀጠለ። ኮንግረስ ነፃ የወጡትን የሚረዳ ሕግ ሲያወጣ ጆንሰን አልፈርምም ይላል። የዜግነት መብት ሕግ በ1866 ሲወጣ አልፈርምም አለ፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከራሱ በላይ አጸደቁት። ዳግላስና ጓደኞቹ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደው የመምረጥ መብት ጠየቁት፤ መለሳቸው። በ1868 ሊያነሱት ከሰሱት። 36 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 35 ተገኘ። በአንድ ድምፅ ተረፈ። እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁ በወር ከሦስት ቀናቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያን 42 ቀን ወደ ኋላ ብንገፋውስ? ባልቲሞር ላይ ስሌቱ ሌላ ቢሆንና ሃምሊን ቢቆይስ?

በባዶ የምመኝ አይምሰላችሁ። ሃምሊን ምን ያደርግ እንደነበር የሚጠቁም ነገር አለ። ጆንሰን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሃምሊንን የቦስተን ወደብ ጉምሩክ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ጥሩ ደመወዝ፣ ጥሩ ወንበር። በ1866 ሃምሊን ለቀቀ። የጆንሰንን አካሄድ አልቀበልም ብሎ ነው የለቀቀው። እንጀራውን ትቶ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያምን አያጠራጥርም። ከዚያም ወደ ሴኔት ተመልሶ የጥቁሮችን መብት ከሚደግፉት ጋር ቆመ።

ስለዚህ ሃምሊን ፕሬዚዳንት ቢሆን ኖሮ ያ የጅምላ ምሕረት ከነመሬቱ ይወጣ ነበር ብዬ አላምንም። ከኮንግረስ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አይታገልም ነበር። ደቡቦቹ በ1865 የተሸነፉ ናቸው፤ የሚባሉትን ለመቀበል ተዘጋጅተው ነበር። ጆንሰን ግን ተስፋ ሰጣቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥቁሩን ከሥራ ወደ ሥራ እንዳይንቀሳቀስ የሚያስር ሕግ አወጡ። ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው የጠፋው። ጨርቅ ገና እርጥብ ሳለ በካውያ ካልያዙት ከደረቀ በኋላ ቢተኩሱት መስመሩ አይወጣም።

ልጄ ተከራከረችኝ። ደግ አደረገች። «አባዬ፣ ሃምሊንንም እኮ የመረጡት ለሚዛን ነው» አለች። እውነቷን ነው። በ1860 የተመረጠው ከምሥራቅ ስለሆነ ነው፤ ከምርጫው በፊት ሊንከንን በአካል አግኝቶት እንኳ አያውቅም። «ደግሞ ታላቅ መሪ አልነበረም» አለች። ይህም እውነት ነው። ምክትል ሆኖ ሳለ ሥራ አጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ሜይን ነበር የሚኖረው። ዓሣ አጥማጅ፣ ካርታ ተጫዋች ሰው ነው። በ1891 የሞተውም ካርታ እየተጫወተ ክለብ ውስጥ ወድቆ ነው። «ነጮቹ ደግሞ በጠመንጃ ይገድሏቸው ነበር፤ ያንን ሃምሊን ያስቆመው ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ሁሉንም ያስቆም ነበር አልልም። ግን የኤዲስቶ ሰዎች ያን መሬት ሃያ ዓመት ብቻ ቢያርሱት? ልጆቻቸውን ከዚያ መሬት ቢያስተምሩ? የመምረጥ መብታቸው በሕግ በቅጡ የተከበረው በ1965 ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ ቆይቶ። መሬት ያለውን ሰው ድምፁን መንጠቅ ይከብዳል። የሚበላው አለውና «አይሆንም» ማለት ይችላል። እኔ ይህን አምናለሁ፤ ልጄ ግማሹን ታምናለች።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይምሰላችሁ። እዚሁ ጣና ላይ፣ ከሱቄ ደጃፍ በሚታየው ውኃ ላይ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ተገድለዋል። ታመው ወደ ደሴት ገለል ባሉበት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ያዙ፤ አባት በ1699 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጁም አባታቸው ከተገደሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተገደሉ። ከዚያ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ፤ ከዚያ ዮስጦስ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ያን ጊዜ ምክትል የሚባል የለም፤ ማን እንደሚተካ የሚያውቅ የለም። ወደ ገዳማቱ በጀልባ የምትሄዱ ሰዎች ስለ ግድያው ይነገራችኋል። ከግድያው በኋላ ገበሬው ላይ የሆነውን የሚነግራችሁ አታገኙም።

ስለ እኛም ዘመን አንድ ነገር ብቻ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ የክልላችን ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር ስብሰባ ላይ ሳሉ እዚሁ ባሕር ዳር ተገደሉ። እኔ የአንድ ተመራቂ ተማሪ ሱፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነበር። ተኩሱን ሰምቼ መብራት አጠፋሁ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልጄ ያኔ ትንሽ ናት፤ ከአልጋው ሥር አስገባኋት። በማግስቱ ከቤት ለመውጣት ሰዉ ፈራ። በአጥር ላይ ግን ሁሉም እርስ በርሱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አሁን ማን ነው የሚተካቸው?» ስለተተኩት ሰው የምለው የለኝም፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም አይደለም። ጥያቄውን ነው ያልረሳሁት። ሐዘኑ ሳይወጣልን ነው የጠየቅነው። ሰው ሲገደልበት ምክትል ለስም ነው የሚል ማንም የለም።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ1901 እንደገና አዩት። ማኪንሊ የሚባለው ፕሬዚዳንት ሲገደል የመጀመሪያ ምክትሉ ጋሬት ሆባርት ከሁለት ዓመት በፊት በሕመም ሞቶ ነበር። በእሱ ቦታ የገባው ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ሆነ። የሆባርት ልብ ባይታመም ሩዝቬልት የሚባል ፕሬዚዳንት ያኔ ባልኖረ። ይህን ለሌላ ጊዜ ልተወው፤ ወረቀቴም አለቀ።

የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው። ያን ጽሑፍ የጻፈው ጋዜጠኛችሁ ሁለተኛ ክፍል ይጻፍበት። ስለ ሃምሊን ይጻፍ፤ ስለ ኤዲስቶ ሰዎች ይጻፍ። ስለ ጆንሰንም ይጻፍ፤ ከሱቁ ይጀምር፣ እንዳይዘለው። ግሪንቪል ያለችው ሱቁ ዛሬም ተጠብቃ ቆማለች አሉ። ሙያችንን አክብሮ ይጻፍ፤ ከዚያ ያደረገውንም ሳይሸሽግ ይጻፍ።

እኔ ደግሞ የራሴ ሥራ አለብኝ። የፊታችን እሑድ የዕድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ነው። አዲስ ሰብሳቢና አዲስ ምክትል እንመርጣለን። ለሰብሳቢነት የታጩትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ለምክትልነት የታጩት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከዚህኛው ሰፈርና ከላይኛው። ጸሐፊ ስለሆንኩ አጀንዳውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሁለቱ ተነሥተው እንዲናገሩ የሚል አንድ መስመር ጨምሬአለሁ። የምጠይቃቸው ስለ አጥሩ ጥግ ነው። መልሳቸውን ቃለ ጉባዔ ላይ እንዳለ እጽፋለሁ፤ በዚህ ጊዜ አንድ መስመር ተኩል አይሆንም። ያቺ ሴትም ትመጣለች፤ ልጄን ልኬ አስነግሬአታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊው
ባሕር ዳር